የአንድ ሰዓት ውሃ

ቧንቧ ኮድ ጽፎ ላላዘዘው ሰው ውሃ አልሰጥም ካለ ወዲህ፣ ወይዘሮ ድንበሯ በስተርጅና ተማሪ ሆኑ። ትናንት ኮድ የሚያስተምራቸውን ታብሌት ሦስተኛ መልመጃ ብቻቸውን ሠርተው፣ የሳምንቱ ውሃ አንድ ሰዓት ላይ እንዲወርድ አዘዙ። ጎረቤታቸው አስካለ "እትዬ፣ ልይልዎ?" ብትል "ዓይንሽን ለራስሽ!" አሏት። ታብሌቱም "ጎበዝ! ትክክል ነው" አለ።

ጠዋት ባልዲ ይዘው ሲመጡ ቧንቧው ደርቋል፤ ወለሉ ረጥቧል።

"የማሽኑ አንድ ሰዓት እኮ የእኛ ከሌሊቱ ሰባት ነው፤ ተኝተው ሳሉ ፈስሶ አለቀ" አለች አስካለ። "የእኔም ተራ ገና ከነገ ወዲያ ነው።"

"በድቅድቅ ጨለማ የምን አንድ ሰዓት አለ? ደንቆሮ ዕቃ!"

ትኩሳት የያዛቸው ባላቸው ከጓዳ "ድንበሬ፣ ውሃ" አሉ።

ወይዘሮ ድንበሯ ተንበርክከው የነጠላቸውን ጫፍ ከወለሉ ላይ አራሱና፣ የባላቸውን ከንፈር ሊያረጥቡ ገቡ።