ሦስት ጊዜ ጥሩንባ

አሮጌዋ ቀይ የስፖርት መኪና ከጣሊያን ተጭና ሞጆ ደረቅ ወደብ እስክትደርስ ስምንት ወር ፈጀች። ጓደኞቹ «በዚህ ሁሉ ልፋት ደህና የቤት መኪና አታስመጣም ነበር?» እያሉ ሲያሾፉበት እየሳቀ ያልፋቸዋል። አባቱ በወጣትነታቸው የአንድ ነጋዴ ሾፌር ሳሉ ልክ እንደሷ ያለችውን ነድተዋል፤ አልጋ ከያዙ ወዲህ ደግሞ ወሬያቸው ሁሉ ስለ እሷ ሆኗል።

«አሰላ ስትገባ መታጠፊያው ላይ ሦስቴ ጥሩንባዋን ንፋልኝ» ብለውት ነበር። «ድምጿን ከሰማሁ ተነስቼ በር ላይ ነው የምቀበልህ።»

መኪናዋ በተለቀቀችለት ጠዋት የአባቱ ስልክ ላይ ደወለ። ያነሳው አጎቱ መንገሻ ነው።

«ጋሼ፣ አባዬን አገናኘኝማ። ይዣት እየመጣሁ ነው።»

«ተኝተዋል» አለ አጎቱ። «ቀስ ብለህ ንዳ የኔ ልጅ። እንጠብቅሃለን።»

አጎቱ «የኔ ልጅ» ብሎት አያውቅም፤ እሱ ግን ከደስታው የተነሳ ልብ አላለውም። መንገዱን ሁሉ እየዘፈነ ነዳ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ የሰፈሩ ሰው ደጃቸው ላይ ተሰብስቦ ቆሟል። መኪናዋን ሊያይ የወጣ መሰለው። እንደተባባሉት ሦስቴ፣ አስረዝሞ አስረዝሞ ጥሩንባዋን ነፋ።

መኪናዋን ያያት ሰው የለም። አጎቱ ከሰዉ መሃል ወጥቶ መጣ፤ በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ሞተሩን አጠፋ። ከኋላው የቆሙት ሴቶች ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።