እንትፍ በልባት

እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። በከተማችን ሰው አፍ ይህ ማለት ቡዳ ማለት ነው። ዘውገ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ነው፤ ሆኖም ሦስት ልጆች ወልዶ ሲያሳድግ ጨቅላ ሳሉ አንዱንም አላሳየኝም። ስጠይቀው "ተኝቷል" ይለኛል። እኔም "እሺ" እላለሁ። አንድ ቀን አቅፍ ይሆናል እያልኩ ሸመገልኩ።

ባለፈው እሁድ ፊልም እንይ ብሎ ቤቱ ጠራኝ። ፊልሙ ስለ ድሮ አሜሪካ ነው። አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ጓደኛሞች አንድ ወንበር ላይ እንዳይቀመጡ ሕግ ይከለክላቸዋል። ዘውገ ገና ከመሃሉ ማልቀስ ጀመረ።

"ሰው በሰው ላይ እንዲህ ይጨክናል?" አለኝ አፍንጫውን እየጠረገ።

"እንጃ" አልኩት።

"አንተ ደግሞ ድንጋይ ነህ! ትንሽ እንኳ አይሰማህም?"

ፊልሙ እንዳለቀ ጓዳ ያለችው ጨቅላ የልጅ ልጁ ጡት እንቢ ብላ ትጮህ ጀመር። ሮጦ ገብቶ አመጣትና እጄ ላይ አስታቀፈኝ።

"በል እስቲ ወንድሜ፣ እንትፍ እንትፍ በልባት።"

ከዚያ ቤት ልጅ ሳቅፍ የመጀመሪያዬ ነው። ፊልሙ ልቡን ነክቶት ነው ብዬ አሰብኩ። እንደ አያት ግንባሯ ላይ እንትፍ እንትፍ አልኩና "እደጊ፣ ተመንደጊ" ብዬ መረቅኋት። ወዲያው ዝም አለች።

ሚስቱ ከጓዳ ተጣራች።

"ለቀቃት ወይ?"

ዘውገ ልጅቱን ከእጄ ተቀበለኝ።

"ለቀቃት" አላት።