የአንስጋር ቀለበቶች

ሂልትሩድ የመጀመሪያውን ቀለበት ያገኘችው በሚያዝያ፣ ሳምንት ሙሉ የዘነበው ዝናብ ባባራ በማግስቱ ነው። የጣት ውፍረት ያለው ለጋ ቅርንጫፍ ተመልምሎ፣ ጫፉ ላይ ብቻ ጥቂት ቅጠል ቀርቶለት፣ እንደ ማነቂያ ክብ ተደርጎ ታስሯል። የተሰቀለው ወደ አሮጌው የቀይ አሸዋ ጉድጓድ በሚወርደው መንገድ መታጠፊያ ላይ፣ ከብስክሌተኛ አንገት ትክክል ነበር።

ማን እንደሰቀለው ለመገመት አልተቸገረችም።

አንስጋር በዚያ ደን የማደን መብት የተከራየ አዳኝ ነው። ብስክሌተኞች አጋዘኖቹን እያስበረገጉ ወደ ጎረቤት ደን እንዳባረሩበት ላገኘው ሰው ሁሉ ሲያማርር ይውላል። ባለፈው መኸር ጂፑን መንገዱ ላይ ገትሮ የሂልትሩድን ባል ጌርቪንን አላሳልፍም ብሎት ነበር።

«ይህን ጠባብ ሱሪ ለብሰህ ደን ውስጥ ትገባለህ? እንኳን አጋዘን እኔም ደነገጥኩ።»

«አጋዘኖቹ ለምደውኛል፤ አንተ ነህ የቀረኸው» አለው ጌርቪን እየሳቀ።

«ሳቅ፣ የከተማው። ሳቅህ የሚያልቅበት ቀን ይመጣል።»

ጌርቪን ረሳው። ሂልትሩድ ግን አልረሳችም። ከኮሎኝ ወደዚህ መንደር ከመጡ ዐሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ለአዳኞቹ ግን ዛሬም የከተማ ሰዎች ናቸው። እሷም ብትሆን የአዳኞቹን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም።

የብስክሌቱን መንገድ የቀየሰው ጌርቪን ነበር። ሰባ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው፤ ሦስት የእሳተ ገሞራ ሐይቆችን ይዞራል፣ አስፋልት የሚነካው ሁለት መንደሮች ላይ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ወገቡን እያመመው ዳገቱን ወጥቶ ወርዶ መረጠው። ካርታውን በስልክ መተግበሪያ ላይ ሲለቀው ከኮሎኝም ከቤልጂየምም ሰዎች ባለ ሰፊ ጎማ ብስክሌታቸውን ይዘው መጡ። ከሁሉም የሚወደው ወደ ጉድጓዱ የሚወስደውን ቁልቁለት ነበር። እዚያ ጠጠሩ ከጎማው ሥር እንደ ስኳር ይንኮሻኮሻል ይል ነበር።

ሂልትሩድ ቀለበቱን በጥሳ ቁጥቋጦ ውስጥ ወረወረችው። ለጌርቪን አልነገረችውም። ደሙ ቶሎ ይፈላል፤ ሄዶ ከሰውዬው ጋር ይያያዛል ብላ ፈራች።

በሳምንቱ ግራና ቀኝ ሁለት ቀለበት ተሰቅሎ አገኘች። እነሱንም በጠሰች። በጭቃው ላይ የቡትስ ጫማ ዱካ ወደ ጉድጓዱ ጠርዝ ሄዶ ተመልሷል። አንስጋር ደግሞ ሰሞኑን ጂፑ ላይ አካፋ ጭኖ ሲዞር በዓይኗ አይታዋለች።

ጌርቪን ስልሳ ዓመት የሞላው እሑድ ቀን ነው። ሰባት ጓደኞቹ ከኮሎኝ መጥተው አብረውት ሊነዱ ቀጠሮ ነበራቸው። ሂልትሩድ ገና ቁርስ ሳይቀርብ ብስክሌቷን አውጥታ ወደ መታጠፊያው ወጣች። ልቧ ነግሯታል። ሦስት ቀለበት! ሦስተኛው የተንጠለጠለው መንገዱ መሃል በተተከለ እንጨት ላይ ነው።

«የሰው ልደት ታበላሻለህ? ቆይ!» አለች፤ የሚሰማት ሰው ግን አልነበረም።

እንጨቱን በሁለት እጇ ነቅላ ጣለችው። ሁለቱን ቀለበት በእግሯ ረጋገጠች፣ አንዱን ለማስረጃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወደ ታች ሳትወርድ፣ ኬኩ ምድጃ ውስጥ ስለነበረ፣ ፈጥና ተመለሰች።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ጌርቪን በዚያ ቁልቁለት ከሰባቱ ፊት ይነዳ ነበር። የጉድጓዱ ጠርዝ ከሥሩ ተደረመሰና ከነብስክሌቱ ይዞት ወረደ። የኋለኞቹ ፍሬን ይዘው ተረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ሂልትሩድ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አንስጋር ያንን ደን ዳግም እንዳይረግጥ፣ ለባሏም ሞት በፍርድ ቤት እንዲጠየቅ።

ዳቦ ቤት አገኘችው። ሰው ሁሉ እየሰማ ፊቱ ቆመች።

«ቀለበቱን የሰቀልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ ሳያንገራግር። «ሦስቴ ሰቀልኩ። እያወረደ የሚጥለው የትኛው ደንቆሮ እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም።»

«ደንቆሮዋ እኔ ነኝ! የልደቱም ቀን ጠዋት ሦስቱንም ያወረድኩት እኔ ነኝ። አንተን የምፈራ መስሎሃል?»

አንስጋር የያዘውን ዳቦ ቀስ አድርጎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወጣ።

«አያችሁት?» አለች ሂልትሩድ ወደ ገበያተኞቹ ዞራ። «አያችሁ፣ መልስ የለውም!»

የመንደሩ ምክር ቤት ክሷን እንዲያጣራ የደን ኃላፊውን ፎልክማር ቴለንን ላከው። ቴለን የዚያው አገር ልጅ፣ ራሱም አዳኝ ነው፤ ኮፍያውን እንዳደረገ ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ የጻፈችውን አራት ገጽ ክስ እስከ መጨረሻው አነበበ። ዛቻው፣ ዱካው፣ አካፋው ሁሉም ሰፍሯል።

«ጠንካራ ክስ ነው» አላት። «ዱካውን እኔም አይቼዋለሁ፤ የእሱ ነው። ማስረጃ አለኝ ያልሽውስ?»

ሂልትሩድ ቀለበቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ፊቱ ጣለችው። ቅጠሉ ደርቋል።

ቴለን ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን አየው።

«ይህን መቼ አወረድሽው?»

«ጽፌዋለሁ እኮ። ጌርቪን ከመነሳቱ በፊት። እንዳያየውና ቀኑ እንዳይበላሽበት ብዬ።»

«ለአንስጋር ነግረሽዋል?»

«በሰው ፊት! ምን ይበል? ጥፋተኛ ምን አፍ አለው? ጭጭ ብሎ ወጣ። ይኸው ሦስት ሳምንቱ፣ ለማንም ትንፍሽ አላለም።»

ቴለን ኮፍያውን አወለቀ።

«ሂልትሩድ፣» አላት፣ ቀና ብሎ ሳያያት፣ «ይህን እኛ አዳኞች የምንሰቅለው፣ ከፊት ያለው መሬት ሲከዳ፣ ሰው እንዳያልፍ ነው።»