የማይሄድ ብስክሌት

«ይቺ ናት የታመመችው?» ይላል አጎቴ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ። «ከኔ ትሻላለች እኮ!»

ይስቃል። ራሱ ቀልዶ ራሱ ይስቃል፤ ሌላ ሰው እስኪስቅለት አይጠብቅም። ሰፈርተኛው እሱ በሌለበት «ጋሼ ጡንቻ» ነው የሚለው። በር ሲገባ ግን የሚቀድመው ቦርጩ ነው።

እህቴ ግድግዳ ሳትደገፍ ቀጥ ብላ ቆማለች። ፀጉሯ ተበጥሯል፣ ፊቷ ወዝ አለው። ያበጠርኳት እኔ ነኝ። ቁርሷንም ያጎረስኳት እኔ ነኝ፣ እጇን ማንሳት እንኳን ለዚች ሰዓት ስትቆጥብ ነው ያረፈደችው። ከአራተኛ ፎቅ ያወረድኳትም አዝዬ ነው። የመጨረሻዎቹ ደረጃዎች ላይ ስንደርስ «አውርደኝ፣ ታዝዬ እንዳያየኝ» አለችና በእግሯ ገባች። ኩራቷ አይጣል ነው።

የምንለምነው ይሄን ክፍል ነው። ሕንፃው የአጎቴ ነው፣ እኛ ላይ ነን፣ ሊፍት የለም። ምድር ላይ ያለችው ይቺ ክፍል ውስጥ ደግሞ የሚኖረው ብስክሌት ነው። ያው የጂሙ፣ ባለህበት የምትነዳው፣ የትም የማይሄደው። ገዛው፣ አንድ ቀን ነዳው፣ አሁን ኮቱን ይሰቅልበታል።

«ጋሼ፣» ትላለች እህቴ ቀስ ብላ። ለሷ ወሬም ጉልበት ይበላል። «ትምህርቴን ያቋረጥኩት በደረጃው ነው። እዚህ ብሆን እወጣለሁ፣ እገባለሁ።»

«ደረጃ ነው ሰው የሚያደርግሽ! ብዪ፣ ተንቀሳቀሺ፣ ላብሽ ይውጣ!» ወደኔ ይዞራል። «አትበላም አይደል?»

«ትበላለች ጋሼ፣ ችግሩ እሱ አይደለም። ሀኪሙ በደንብ ነግሮናል። እያንዳንዱ ሴላችን ውስጥ የበላነውን በምንተነፍሰው አየር የሚያነዱ ትናንሽ ምድጃዎች አሉ። ጉልበት የሚመጣው ከነሱ ነው። የሷዎቹ ደካማ ናቸው። የማይነድ ምድጃ ላይ እንጨት ቢቆልሉበት ምን ይጠቅማል? ሲያቅታቸው ሰውነቷ በአቋራጭ ይሞክራል፣ አቋራጩ ደግሞ አሲድ ይለቅባታል።»

«ምድጃ!» ይላል፣ አፉን አጣሞ። «እኔስ አይደክመኝም? ምሳ ከበላሁ በኋላ ዓይኔን መግለጥ ያቅተኛል። ሀኪም ቤት ሄድኩ? ይሄ ከእናታችሁ ወገን የመጣ ነው። ከኛ ዘር ልፍስፍስ አይወጣም። አባቴን አታውቁትም፣ በሬ ነበር፣ በሬ!»

እህቴ ፈገግ ትላለች። ይቺን ፈገግታ አውቃታለሁ። ሰው ስትንቅ ነው የምታወጣት፣ ከስድብ ትብሳለች።

«ልክ ነዎት፣ ከእማዬ ነው የመጣው። ምድጃዎቹ የሚወረሱት ከእናት ብቻ ነው። የእርስዎም ጭምር። ከበሬው አንድም አልደረሰዎትም።»

የአጎቴ ጆሮ ይቀላል። «ምላስሽን ግን ደክሞት አያውቅም! እንዲህ የምትመልስ ልጅ ናት ደረጃ አቃተኝ የምትለው? በሉ ውጡልኝ!» ቁልፉን ኪሱ ይከታል።

ጥፋቱ የኛው ነው። አሳምረን አመጣናት። ጉልበቷን ቆጥባ የቆመችን ሰው ማን ታማለች ይላል? የሚደርስባትን የምናየው በራችን ከተዘጋ በኋላ ነው፣ እኛ ብቻ።

እህቴ ወደ በሩ አትዞርም። ወደ ብስክሌቱ ትሄዳለች። ኮቱን ታነሳና ለአጎቴ ታቀብለዋለች። «ያዙልኝ።»

«ተይ!» እላለሁ። «ሀኪሙ ምን አለ? ስንት ቀን እንደምትተኚ...»

«ማሙሽ፣ ዝም በል።»

ብስክሌቱ ላይ ትወጣለች። ትነዳለች። ብስክሌቱ ፊት ላይ ያለችው ትንሽ የቁጥር መስኮት ትበራለች። ባትሪ የላትም፣ የምትበራው በነጂው እግር ነው። ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወጣል።

«አላልኩም?» ይጮሃል አጎቴ። «እይ፣ እንደ ሞተር! በርቺ!»

እህቴ ዓይኑን እያየች ትነዳለች። ጎንበስ አትልም፣ አታለቅስም። መጀመሪያ ከንፈሯ ይነጣል። ቀጥሎ ጉልበቷ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከዚያ እሷ መርገጧን ትተዋለች፣ ፔዳሉ ነው እግሯን ይዞት የሚዞረው። አሁንም ዓይኑን እያየችው ነው። ወደ ጎን ስታዘነብል እይዛትና ወለሉ ላይ አስተኛታለሁ። እግሯ እጄ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይዝለፈለፋል።

መስኮቷ ትጠፋለች።

አጎቴ ኮቱን እንደያዘ ጎንበስ ይላል። አቤት፣ ደነገጠ ማለት ነው እላለሁ በሆዴ። ጎንበስ ያለው ግን ወደ ብስክሌቱ ነው። መስኮቷን በጣቱ ጠቅ ጠቅ ያደርጋታል።

«አበላሸችው እንዴ?»

ቀና ብዬ አፈጥበታለሁ።

«አንሳትና ይዘሃት ውጣ እንጂ፣ ምን ታፈጥብኛለህ?»

ክንዴን ከጀርባዋ ስር ልከት ስል ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። «አትንካኝ። እዚሁ... እስክነሳ።»

«መቼ ነው የምትነሳው?» ይላል አጎቴ። ድምፁ ቀጥኗል።

«ጉልበቷ ሲመለስ፣» እላለሁ። «እኛም አናውቀውም።»

እህቴ ዓይኗን ጨፍና «ፍራሹ» ትላለች።

ጠዋት «ፍራሼን ጠቅልለህ በሩ ጋ አቁመው» ብላኝ ነበር። አቧራውን እንዳራግፈው የፈለገች መስሎኝ ነበር። አሁን ገና ይገባኛል፤ ደረጃውን እየዘለልኩ እወጣለሁ። ፍራሹ በሩ ጋ ቆሟል፣ እንዳዘዘችኝ በሻርፗ ታስሯል፣ ትራሷ መሃሉ ገብቷል።

ተሸክሜው ስመለስ አጎቴ ኮቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ በሩ ላይ እንደ አስተናጋጅ ተገትሯል።

«ጋሼ፣ ጠጋ ይበሉ፣» እለዋለሁ፤ ፍራሹ ሰፊ ነው።

ጠጋ ይላል።