ዝቅ ብሎ የተሰራው መስኮት

"ይሄ መስኮት ግን ለምን እንዲህ ዝቅ አለ?"

ጠያቂዋ የዳኞቹ ሰብሳቢ ናት... መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ግድግዳው ላይ የበራውን የቤት ፕላን በእስክሪብቶ እየጠቆመች።

"መስኮት ከወለል ዘጠና ሴንቲ ሜትር ላይ ነው የሚጀምረው። የአንተ ሃምሳ አምስት ላይ ነው።"

ውድድሩ የትንንሽ ቤቶች ፕላን ነው። አምስት ሜትር በስምንት... አንድ መኝታ፣ አንድ ሳሎን፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ። ባሸነፈው ፕላን አርባ ቤት ይሰራል፤ የነዳፊውም ስም በየበሩ ላይ ይጻፋል።

መድረክ ላይ የቆመው ወጣት ክራቫቱን ነካ ነካ አደረገ።

"እንግዲህ... መስኮቱ ትህትናን እንዲያስተምር ነው። ውጭውን ማየት የፈለገ ሰው ጎንበስ ማለት አለበት።"

አዳራሹ አጨበጨበ።

ትህትና የሚል ቃል ከተነሳ ማጨብጨብ ግዴታ ነው። ያላጨበጨበ ትዕቢተኛ ይባላል።

አንድ ሰው ብቻ አላጨበጨበም... በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠ፣ የኮቱ ኪስ በሜትር ያበጠ ሰው።

የሰፈር ሰው "ሜትሩ" ይለዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ የትንንሽ ቤት ፕላን በእርሳስ ሲስል የኖረ ነው። "ሳይለካ ወንበር ላይ አይቀመጥም" እያሉ ያሙታል። ውሸት ነው። የሚለካው ከተቀመጠ በኋላ ነው።

መድረክ ላይ ያለው ታናሽ ወንድሙ ነው።

ፕላኑ ደግሞ... የሜትሩ ነው።

መጀመሪያ ዓይኑን አላመነም። ከዚያ መስመር በመስመር አየው።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ወደ ውጭ ይከፈታል... ቦታ ለመቆጠብ ሦስት ቀን ያሰበበት በር ነው።

ወጥ ቤቱና መታጠቢያው አንድ ግድግዳ ይጋራሉ... የውሃው ስራ በአንድ ቧንቧ እንዲያልቅ።

ኮሪደር የለም። "ኮሪደር ማለት ማንም የማይተኛበት ክፍል ነው" ማለት ይወዳል።

አንድ ነገር ብቻ ጎድሏል።

መኝታ ቤቱ ውስጥ በእርሳስ የሳላት አልጋ የለችም። ታናሽየው ፕላኑን ወደ ኮምፒዩተር ሲገለብጥ አጥፍቷታል። ተራ የቤት ዕቃ መስላው ይሆናል።

ያኔ ነገሩ ሁሉ ተገጣጠመለት...

ከአራት ወር በፊት ታናሽየው ከስንት ጊዜ በኋላ ብቅ ብሎ ነበር። እናታቸው እንቅልፍ ላይ ነበሩ። "አትቀስቅሳት፣ እቸኩላለሁ" አለ። ሜትሩ ሻይ ሊያፈላለት ገባ። ሲመለስ ወንድሙ የለም... ጠረጴዛው ላይ የነበረው የፕላኑ ጥቅል ወረቀትም የለም።

ወረቀቱን አልጋ ስር ሳይቀር ፈለገው። ወንድሙን ግን አልጠረጠረም። የእናቱን ልጅ ማን ይጠረጥራል?

"ከታዳሚው ጥያቄ ያለው?" አለች ሰብሳቢዋ።

ሜትሩ እጁን አወጣ። ታናሽየው ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ።

"ሃምሳ አምስት ለምን ሆነ? ስልሳም እኮ ትሁት ነው።"

አዳራሹ ሳቀ። ታናሽየው ክራቫቱን እንደገና ነካ ነካ አደረገ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁታል?" አለች ሰብሳቢዋ።

"አውቀዋለሁ። ቤቱ ተሰርቶ ቆሟል። ከዚህ በእግር አስር ደቂቃ ነው... ሄዳችሁ እዩት።"

ዳኞቹ ተነሱ። መንገድ ላይ ታናሽየው ጠጋ አለው።

"ወንድም ጋሼ... አታዋርደኝ። አንተ እንደሁ መድረክ አትወድም።"

"መድረክ አልወድም። የሰራሁትን ግን እወዳለሁ።"

የሜትሩን ግቢ በር ገና ሲከፍቱት ከውስጥ ድምፅ ተሰማ።

"መጣ... ልጄ መጣ..."

መኝታ ቤት ገቡ። እናትየው ትራስ ተደግፈው ተጋድመዋል። እግራቸው አልታዘዝ ካለ ሁለት ዓመቱ ነው። መስኮቱ ልክ በዓይናቸው ትክክል ነው።

ሰብሳቢዋ አልጋው አጠገብ ቁጢጥ ብላ በእናትየው ዓይን ልክ ወደ ውጭ ተመለከተች። የግቢው በር ወለል ብሎ ይታያል።

"እማማ... መስኮቱ ለምን ዝቅ አለ?"

"ትንሹ ልጄ ሲመጣ እንዳየው ነዋ። ቀኑን ሙሉ 'መጣ ወይ?' እያልኩ ብነዘንዘው፣ ይሄ ታላቁ ሜትሩን አውጥቶ እንደ ልብስ ሰፊ ለካኝ። ይኸው... ዛሬ ራሴ አየሁት።"



ሰብሳቢዋ ታናሽየውን አየችው። እሱ ኮርኒሱን አየ።

"ይሄን ሁሉ ሰው ደግሞ ከየት አመጣህልኝ?" አሉ እናትየው።

"ጓደኞቼ ናቸው፣ እማዬ" አለ ታናሽየው።

"ጎሽ... ልጄ ሰው አለው።"

ሜትሩ ሊናገር አፉን ከፈተ... እናቱን አየ... መልሶ ዘጋው።

አርባዎቹ ቤቶች ተሰርተዋል። ዳኞቹ ሳይነገራቸው ገብቷቸው ነበርና በየበሩ ላይ የሜትሩ ስም አለ። እሱ ግን በዚያ ሲያልፍ ፊቱ አይፈታም።

"መስረቁን እረሳለታለሁ" ይላል። "አልጋዋን ማጥፋቱን ነው መርሳት ያቃተኝ።"

ታናሽየው ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣም። ሰው "አፍሮ ነው" ይላል። እናትየው "ስራ በዝቶበት ነው" ይላሉ... ዓይናቸው ግን ከመስኮቱ አይነቀልም።

ትምህርቱ፦ የወንድምህን ስራ መስረቅ ትችላለህ። ለማን ብሎ እንደሰራው ግን አብረህ መስረቅ አትችልም።

ሌላው ትምህርት፦ ለእንግዳ ሻይ ልታፈሉ ስትገቡ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ግቡ።

ሰሞኑን ሜትሩ ጡብና ሲሚንቶ ገዝቶ መስኮቱ ስር ደርድሯል... እናቱ በከንቱ ሲጠብቁ ማየት ከብዶት። ሦስት ጊዜ አሸዋ ነፍቶ ሦስቴም ትቶታል።

እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑ መስኮቱን ትደፍኑት ነበር... ወይስ እንዳለ ትተዉት ነበር?

ሃሳባችሁን ኮመንት ላይ ጻፉ። ከመጻፋችሁ በፊት ግን አንድ ነገር...

የእናታችሁ አልጋ ከወለሉ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?