ቀና በይ

ትምህርት ቤቱ የሰቀለው የካሜራ ዓይን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ሰባተኛ ቀኑን ይዟል። አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ቤቱ ሳምንት ሙሉ ይታያል፤ መምህሯ ልጁን ገና ሳታውቀው ዓይኑ የሰጠው ግምት ይደርሳታል። ከዚያ በኋላ ማንም አያስተካክለውም። የሠፈራችን ልጆች ሁሉ "ደካማ" ተብለዋል። ትልቅ ሰው ሲያናግራቸው አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ያኔ ዓይኑ ቀይ ያበራል።

እኔ ግን ልጄን ውዳሴን ስድስት ቀን ሙሉ አለማመድኳት። "ሲያናግሩሽ ዓይን ዓይናቸውን እዪ!"

ዛሬ በመጨረሻው ቀን አማቼ ሳይታሰቡ መጡ።

"ውዳሴ፣ ትምህርት ልትጀምሪ ነው አሉ?"

ግድግዳው ላይ ያለውን ዓይን ሰረቅ አድርጌ አየሁ። ልጄ ግን ዓይኗን ተከለችባቸው።

"አዎ አባባ፣ ሰኞ እጀምራለሁ።"

ዓይኑ ቀይ አላበራም። የሽማግሌው ፊት ግን ጠቆረ። ወደ እኔ ዞሩ።

"ይቺን ልጅ እንዲህ ዓይን አውጣ ያደረጋት ማነው?"

"ይቅር ይበሉኝ አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አልኳቸው።

እግሬ ሥር ያለው ምንጣፍ ከግድግዳው በመጣ ብርሃን ቀስ በቀስ ሲቀላ አየሁ። ውዳሴ ቀሚሴን ጎተተችኝ።

"እማዬ፣ ቀና በይ! ዓይኑ አንቺንም እያየሽ ነው!"