ስምንተኛው ረድፍ

አቤኔዘር ነገሩን አሳስቶ ያስታውሰው ይሆናል። ለራሱም ደጋግሞ ነግሮታል፤ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፣ ውሃውም ይጮህ ነበር። የማይጠራጠረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ «ሠላሳ ሁለት!» ብሎ የጠራው እሱ ነው።

ጊዜው 1999 ዓ.ም. ነው። በካኮ አቅራቢያ ያለች የአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል ልጆች፣ ማዶ ባለው ቀበሌ ለሚከበር የወላጆች በዓል መዝሙር ሊያቀርቡ በእግር ይሄዱ ነበር። መምህራቸው ዳርጌ ሰልፉንም ትምህርት አደረገው። በዚያ ሰሞን የሚያስተምራቸው የአራትን ብዜቶች ስለነበር፣ አራት አራት አድርጎ እጅ ለእጅ አያያዛቸው። የየረድፉ መሪ ተራውን ጠብቆ ይጠራል፤ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት። አቤኔዘር የስምንተኛው፣ የመጨረሻው ረድፍ መሪ ነበር።

«ሠላሳ ሁለት ከደረሰ ረድፉ ሙሉ ነው» አላቸው መምህሩ።

ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ያን ቀንም ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ የዘነበው ላይኛው ተራራ ላይ ነው። መሀል ሲደርሱ ደራሽ ጎርፍ መጣ። ሁሉም ሮጠ፣ ተጯጯኸ፣ ተጎተተ። ማዶው ዳር ላይ ልጆቹ በለመዱት መንገድ ተመልሰው ተሰለፉ፤ ማንም ሳያዛቸውም መጥራት ጀመሩ። አቤኔዘር ከጎኑ የነበረችውን የቤዚን እጅ ጨምቆ ይዞ ነበር። ዓይኑ ውሃው ላይ ነው። እስከ ረድፉ ጫፍ ዞር ብሎ አላየም። ተራው ሲደርስ ጠራ።

መምህሩ እስከ ደረቱ ርሶ፣ አንዱን እጁን በሌላው ይዞ ቆሞ ነበር።

«ፀደይስ?» አለች አንዲት ልጅ።

ፀደይ የክፍሉ ትንሿ ናት፤ ከወይጦ የመጣችው ከፋሲካ በኋላ ነው። ልጆቹ ሊፈልጓት ተበታተኑ፤ ሰልፉ ፈረሰ። መምህሩ ግን ቀስ ብሎ ወደ አቤኔዘር ዞረ።

«ረድፍህን አይተህ ነው የጠራኸው?»

 የልጅቷ አስከሬን በሦስተኛው ቀን ከወንዙ ታች ተገኘ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ መምህሩ ልጁን በትከሻው ይዞ እናቷ ጤናዬ ፊት አቆመው። «እህት ጤናዬ፣ ልጅ ነው። እኔ ይቅር ብዬዋለሁ፤ አንቺም ይቅር በይው።» ሴትዮዋ ብዙ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ግንባሩን ሳመችው። ከንፈሯ ቀዝቃዛ ነበር። ምእመኑ አለቀሰ። ሌላ መምህር ቢሆን ልጁን በአለንጋ ይገርፈው ነበር ተባለ፤ የዳርጌ ደግነት ለዓመታት ተወራ።

አቤኔዘር አድጎ ጂንካ ውስጥ የሂሳብ መምህር ሆነ። በመጀመሪያው ዓመቱ፣ ልጆቹ የአራትን ብዜቶች በኅብረት እየጠሩ ሠላሳ ሁለት ሲደርሱ፣ ከኋላ ቀጭን ድምፅ ሰማ።

«እኔስ?»

«ማነው ያለው?»

«መምህር፣ ማንም አላለም እኮ» አለች አቢጊያ፣ ከፊት የምትቀመጠው። «ሊያስፈራሩን ነው!» ልጆቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ድምፁ በሦስትም በአምስትም ብዜት አይመጣም፤ በአራት ብቻ፣ ከሠላሳ ሁለት በኋላ። በሁለተኛው ዓመት አራትን ዘሎ ከሦስት ወደ አምስት ሄደ። ርዕሰ መምህሩ ጠርተው፣ «አራት ምን በደለህ?» አሉት። ያን ጊዜ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ። ከማስገባቱ በፊት ግን አንድ ነገር ማወቅ ፈለገ። «ሠላሳ ሁለት» ሲል ረድፉ ላይ የነበሩት አራት ናቸው ወይስ ሦስት?

ቅዳሜ ዲመካ ወረደ። ቤዚ ገበያው ዳር ልብስ ትሸጣለች።

«አንተ ልጅ፣ አሁንም ከዚያ ወንዝ አልወጣህም?»

«ጫፍ ላይ ማን ነበር ቤዚ? አንቺ፣ ከአንቺ ቀጥሎ ዮሲ፣ ከዚያስ?»

«የሚያስል ልጅ ነበር። ወንድ መሰለኝ… ኧረ እኔ እንጃ! ሁላችንም ስናስል አልነበር? ፀደይ ናት ተብሎ የለ።»

«ማን አለ?»

«መምህር ነዋ!» አለችና ወደ ገዢዋ ዞረች።

መምህር ዳርጌ ጡረታ ወጥተው ካኮ ተቀምጠዋል። ሽበታም ሆነዋል። አቤኔዘርን በር ላይ ሲያዩት ደነገጡ፣ ከዚያ አቀፉት።

«የዚያን ቀን የስም ዝርዝር የለዎትም?» አላቸው።

«ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ጎርፉ በላው።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ልጄ፣ ተወው በቃ። እኔ እኮ ድሮ ይቅር ብዬሃለሁ።»

አቤኔዘር ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ።

ጥንቁቅ ሰው ነውና ግን በዚያ አላበቃም። በዓሉን ያስተናገደው ትምህርት ቤት ለመድረኩና ለምሳው ሲል የእንግዶቹን ስም አስቀድሞ ተቀብሎ እንደሆነ ለመጠየቅ ማዶ ተሻገረ። መዝገብ ቤት የምትሠራው ሰምሃል አቧራ ስታራግፍ ቆይታ አንድ ወረቀት አወጣችለት። ጽሕፈቱን ወዲያው አወቀው፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲያየው ያደገ የዳርጌ ጽሕፈት ነው። ስምንት መስመር፣ በየመስመሩ አራት ስም። በስምንተኛው ላይ አቤኔዘር፣ ቤዚ፣ ዮሲ፣ ሶርሳ ይላል፤ ሶርሳ ከጎርፉ በኋላ በዚያው ሳምንት ትምህርቱን ትቶ ከአባቱ ከብቶች ጋር የሄደው ልጅ ነው።

ከስሩ ብቻውን የተጻፈ አንድ መስመር ነበር፦ «33ኛ፣ ፀደይ። ትንሽ ስለሆነች እኔው እጇን ይዤ አመጣታለሁ።»